«ልጄ የዘራውን ባቄላ በየቀኑ ቆፍሮ ያየዋል»፦ ስለ ልጆችና አትክልት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ ቀርቤ ትንንሽ ልጆችን ከአፈርና ከአትክልት ጋር ስለማስተዋወቅ ከአድማጮች ጋር አውርተናል። ስልኩ ስለበዛ ብዙው መልስ በጥድፊያ ነው ያለፈው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን እዚህ አስፍሬ፣ በአየር ላይ ያጎደልኩትን ሞላ አድርጌ ጽፌያለሁ። ሙያዬ ግብርና ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አብዛኛው ሥራዬ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ካሉ ልጆች ጋር አፈር ላይ ተንበርክኮ መዋል ሆኗል። ደስ እያለኝ የምሠራው ሥራ ነው።

«ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ግቢ የለንም። የአራት ዓመት ልጄን ምን ላስተክላት?» (እናት፣ ከጎፋ)

በፌጦ ይጀምሩ። መቼም ፌጦ ከቤት አይጠፋም። ሰሃን ላይ ጥጥ ወይም ያረጀ ንጹሕ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ልጅዎ ውሃ ታርከፍክፍበት፣ ከዚያ ፌጦውን እሷው በጣቷ ትበትነው። ትንሽ ቆይታ ስትነካው ፍሬው ሁሉ ተሙለጭላጭ የሆነ ነገር ለብሶ ታገኘዋለች። ይህን ልጆች በጣም ይወዱታል። በሁለትና በሦስት ቀን ይበቅላል። በሳምንት አካባቢ አረንጓዴ ምንጣፍ ይሆንና በመቀስ ተቆርጦ በዳቦ ይበላል። ያፋጃል፤ ግን ራሷ ያበቀለችውን ልጅ አልበላም አትልም።

ፌጦን የመረጥኩት ስለሚፈጥን ነው። ለአራት ዓመት ልጅ አንድ ወር ማለት ዘላለም ነው። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አቮካዶ ወይም ማንጎ ያስተክሉና ልጁ በአምስተኛው ቀን ይረሳዋል። መጀመሪያ ፈጣኑን ታይ፤ መጠበቅን ቀስ እያለች ትለምዳለች።

ፌጦው ከተሳካ ወደ በረንዳው ውጡ። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ከወገቡ ቆርጠው፣ ታቹን በጋለ ምስማር በስተው፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለው ቢሞሉት በሶብላና ሰላጣ ይበቅልበታል። ለጎመን ሰፋ ያለ ዕቃ ያስፈልጋል፤ የተቆረጠ ጀሪካን ጥሩ ነው። መቁረጡና መብሳቱ የእርስዎ ሥራ ነው። አፈር መሙላቱን፣ መዝራቱንና ማጠጣቱን ለእሷ ይተዉላት፤ ቢደፋም ይደፋ።

«የአምስት ዓመት ልጄ የዘራውን ባቄላ በየቀኑ ቆፍሮ ያየዋል። መልሶ ይቀብረዋል፣ በማግስቱ ያወጣዋል። ተቆጥቼው ነበር። ልክ ነኝ?» (አባት፣ ከአዳማ)

ወንድሜ፣ አይቆጡት። በዕለቱ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ነው የወደድኩት። ልጅዎ «ከአፈሩ ሥር ምን እየሆነ ነው?» ብሎ እየጠየቀ ነው። የጠየቀው በእጁ ስለሆነ ነው ጥፋት የመሰለን። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሲቆፍር ለጋው ሥር ይሰበርበታል። ስለዚህ ሳይቆፍር የሚያይበት ነገር ይስጡት።

የማርማላታ ብርጭቆ ይፈልጉ። ውስጡን በሶፍት ዙሪያውን ያልብሱት። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደሩ አራት አምስት ባቄላዎችን በሶፍቱና በብርጭቆው መሃል፣ ከውጭ እንዲታዩ አድርጋችሁ ሰካ ሰካ አድርጉ። ከታች አንድ ጣት የማይሞላ ውሃ ይኑር። ሶፍቱ ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል። ባቄላው ራሱ ግን ውሃ ውስጥ መዋል የለበትም፤ ይበሰብሳል።

ከዚያ አብራችሁ ተመልከቱ። ባቄላው ባደረበት ሌሊት አብጦ ይጠብቃችኋል። ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ በጥቁሩ ጠባሳ አጠገብ ልጡ ይሰነጠቅና ነጭ ጫፍ ብቅ ይላል። ልጅዎ ቅጠል ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚመጣው ሥር ነው። ሥሩ ጣት ሲያክል ባቄላውን ገልብጡትና ሥሩ ወደ ላይ ይሁን። በሁለት ቀን ውስጥ ጫፉ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ይወርዳል። አብራኝ የሠራች አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ጊዜ ገልብጣው ሦስት ጊዜ ሲዞርባት «እሺ በቃ፣ አሸነፍከኝ» አለችው። ስለ ምድር ስበት የትኛው መምህር ከዚህ በላይ ያስረዳት ነበር?

በሌላ ብርጭቆ ቦሎቄ ብትጨምሩ ደግሞ አዲስ ነገር ታያላችሁ። ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ክኮቹን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል። ባቄላ ግን ክኮቹን እዚያው ታች ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል። ዘመዳሞች ሆነው አወጣጣቸው ለየቅል ነው። ይህን ልጁ ራሱ እስኪያየው አይንገሩት።

አሁን ደግሞ ዋናውን ሙከራ ልንገርዎ። ሙሉ ጥሬ ባቄላ፣ የባቄላ ክክ እና የባቄላ ቆሎ ያዘጋጁ። ሦስቱንም በየብርጭቋቸው ካስቀመጣችሁ በኋላ «የትኛው የሚበቅል ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። የገመተው ላይ በከለር ምልክት ያድርግ። አስር ቀን ጠብቁ። ክኩ ይሻግታል፣ ቆሎውም እንዲሁ። ሲሸት አውጥታችሁ ጣሉት። ከዚያ አንድ የራሰ ሙሉ ባቄላ ልጡን ልጣችሁ ለሁለት ክፈሉት። በሁለቱ ክኮች መሃል፣ ጠርዙ ላይ፣ ጥፍር የማታክል ሽል ተጣብቃ ታገኛላችሁ። ተክል የምትሆነው እሷ ናት፤ ክኮቹ ስንቋ ናቸው። ባቄላው ሲከካ ሽሏ ተሰብራ ትቀራለች። ሲቆላ ደግሞ እሳት ይገድላታል። ልጅዎ ከዚያ ቀን በኋላ ቆሎ ሲበላ ሌላ ነገር እያሰበ ነው።

አፈር ውስጥ መቆፈሩንም ጨርሶ አይከልክሉት። ስድስት ባቄላ በአንድ መስመር ይዝራና በየሁለት ቀኑ አንዱን ብቻ ያውጣ። የወጣውን ወረቀት ላይ በተርታ ያስቀምጠው። ሌላ አንድ ዕቃ ደግሞ «ይህ አይነካም» የሚባል ይሁን። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ስምምነት ያከብራል፤ ደግሞም ስምምነቱን ያመጣው እሱ እንዲመስለው ያድርጉ።

«የኬጂ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 42 ልጆች አሉ፤ ያለን ትንሽ መደብና አንድ ቧንቧ ነው። አምና የተከልነው ሁሉ ደረቀ።» (ከቢሾፍቱ)

መምህርት፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያው ነው። ዝናቡ ሲመጣ ትምህርት ይዘጋል። ልጆቹ ሲመለሱ ዝናቡ እየሄደ ነው። እኔም በጀመርኩበት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት በሰኔ አርባ ያህል ችግኝ ከልጆች ጋር ተክዬ መስከረም ስመለስ ግማሹ በአረም ታንቆ፣ ግማሹ በፍየል ተበልቶ አገኘሁት። ልጆቹ የየራሳቸውን ችግኝ ሲፈልጉ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ልጆች በሌሉበት ወቅት የሚያድግ ነገር አላስተክልም።

እናንተ ግን እጃችሁ ላይ ጥሩ ነገር አለ። የአካባቢያችሁ ገበሬ ሽምብራን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ዋልካ አፈር ላይ ይዘራል፤ ሽምብራውም አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋል። መደባችሁ ዋልካ ከሆነ ትምህርት እንደተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ዝሩ። ከገበያ የተገዛ ሙሉ ሽምብራ ይበቃል። ብዙ ውሃ አይፈልግም፤ እንዲያውም ከበዛበት ይታመማል። ለ42 ልጅና ለአንድ ቧንቧ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሽምብራው አንድ ስንዝር ሲሆን ልጆቹ ቅጠሉን ዳሰስ ያድርጉና ጣታቸውን ይቅመሱ። ይኮመጥጣል። ቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጸጉሮች ኮምጣጣ ጠል ያወጣሉ፤ ፀረ ተባይ ያልተረጨ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ማበብ ሲጀምር ደግሞ አንዱን ተክል በአካፋ ከነአፈሩ አውጥታችሁ ሥሩን በቀስታ እጠቡት። እንደ ኪንታሮት ያሉ እብጠቶች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍር ክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጂን እየወሰዱ ተክሉን እየመገቡት ነው። ለልጆቹ «ሽምብራው ቤት ውስጥ የሚኖሩ ምግብ አብሳዮች» ብዬ ነው የምነግራቸው። በመጨረሻ እሸቱ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እርስዎም ያውቁታል።

42 ልጅ አንድ ላይ አያውጡ። በስድስት በስድስት ይከፋፍሏቸውና እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ቀን ይኑረው። መሄጃውን በድንጋይ ለዩት፤ ልጅ የሚረግጠው መንገዱ የት እንደሆነ ሲጠፋው ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የራሱ የሚለው ተክል ይኑረው፤ ከዚያ ሌላ የሁሉም የሆነ መደብ ይኑር። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ኬጂ የምንለው ስም ራሱ ከዚህ የመጣ ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ የሕፃናት ተቋም ከፈተ፤ በ1840 «ኪንደርጋርተን» አለው፤ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። እዚያም ለየልጁ ትንሽ መደብ ነበረው፤ የጋራም ነበር። ዛሬ ብዙ ኬጂ ውስጥ ስሙ ቀርቶ አትክልቱ ጠፍቷል፤ እርስዎ ግን በአንዲት መደብና በአንድ ቧንቧ እየታገሉ ነው። በርቱ።

«የልጅ ልጄ አፈር ውስጥ ነው የሚውለው። ትላትሉንስ? መርዛም ተክልስ? እኔ እፈራለሁ።» (አያት፣ ከሰበታ)

እማማ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ጫማ ይልበስ፤ ባዶ እግሩን አይሁን። የመንጠቆ ትል በእግር ቆዳ በኩል ይገባል። በቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ደግሞ የእግር ዝሆኔ ያመጣል። ጥሬ ፍግ አይንካ፤ በደንብ የበሰበሰው ይሻላል። ሲጨርስ እጁን በሳሙና፣ ጥፍሩን ጭምር ይታጠብ።

ጉሎ ግቢ ውስጥ ካለ ያስነቅሉት። ፍሬው ያምራል፣ ልጅን ይስባል፣ ግን ከባድ መርዝ አለው። አስተናግርም እንዲሁ። ቅንጭብና ቁልቋል ሲሰበሩ የሚወጣው ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። ጤና አዳም ለቡና የምንወደው ቢሆንም ፀሐይ ላይ ሆኖ ቅጠሉን ሲጨምቅ የዋለ ልጅ ቆዳው ሊቃጠልና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ያሽትተው፤ አይሸው።

ሰው የማያስበው አንድ ነገር ልጨምር። ትንንሽ ልጆች ባቄላና ሽምብራ አፍንጫቸው ውስጥ ይከታሉ። እዚያ እርጥበት ስቦ ያብጣል። ከሆነ በእንጨት ወይም በጣት ለማውጣት አይሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥራጥሬውን ትተው ዓይን ያወጣ ድንች ያስተክሉት።

«ሜሪላንድ ነው ያለነው። ክረምቱ ረጅም ነው። ልጆቼ አማርኛም እየጠፋባቸው ነው። በአትክልት በኩል ማስተማር ይቻላል?» (እናት)

ይቻላል እህቴ። በብርዱ ወራት መስኮት አጠገብ ፌጦና ባቄላ አብቅሉ፤ ሁለቱም ከሐበሻ ሱቅ ይገኛሉ። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ እምቡጥ፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ዘር። ልጅ ቃሉን እጁ ላይ ካለው ነገር ጋር ሲሰማው አይረሳም። ግሶቹን ደግሞ አትርሺ፦ በቀለ፣ ጠወለገ፣ ጸደቀ፣ አበበ፣ አፈራ። «ውሃ ሳታጠጣው ጠወለገብህ» ብለሽ ስትነግሪው ሰዋስው ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ብርዱ ሲቀንስ ጎመን ዝሩ፤ ብርድ ይችላል። በሶብላ ግን ውርጭ ጨርሶ እስኪያበቃ ይቆይ። እናቴ ከአገር ቤት ዘር ትላክልኝ እንዳትዪ። ለመዝሪያ የሚሆን ዘር ያለ ወረቀት አሜሪካ አይገባም፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። የዚያ አገር ኮላርድ የጎመናችን ዘመድ ነው፤ በእሱ ጀምሩ።

«ዱባ ተክያለሁ። አበባ ብቻ ነው የሚያወጣው። ለምን ዱባ አይሆንም?» (የሰባት ዓመት ልጅ፣ ከሐዋሳ)

ሚጣዬ፣ የዱባ አበባ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወንድ ነው፤ ቀጭን ረጅም እግር ላይ ቆሞ ይታይሻል። ሌላዋ ሴት ናት፤ ከአበባዋ በታች ትንሽዬ ዱባ አለቻት። ብዙ ጊዜ ወንዶቹ ቀድመው ይመጣሉ፤ እነሱ ዱባ አይሆኑም። ስለዚህ መጀመሪያ ሄደሽ ሴቷን ፈልጊ።

ካገኘሻት በጠዋት ተነሺ። አበባዎቹ ሲነጋ ተከፍተው እኩለ ቀን ሳይሆን ይዘጋሉ። አንድ ወንድ አበባ ቁረጪ፣ ቢጫ ቅጠሎቹን ገንጥለሽ መሃሉን ብቻ አስቀሪ። ጣትሽን ብታስነኪው ቢጫ ዱቄት ይይዝሻል። ዱቄቱን በሴቷ አበባ መሃል በቀስታ ቀቢው። ይህን ሥራ ሌላ ጊዜ ንቦች ናቸው የሚሠሩት። ዱቄቱ በደንብ ከደረሳት ትንሿ ዱባ ታድጋለች፤ ካልደረሳት ቢጫ ሆና ትወድቃለች።

ሁለት ሴት አበባዎች ካገኘሽ አንዷን ብቻ ቀቢ። ሌላዋን ለንቦቹ ተይላቸውና እግሯ ላይ ቀይ ክር እሰሪባት። የትኛዋ ዱባ እንደሆነች ደውለሽ ንገሪኝ።