ፊልሙ ከመነበቡ በፊት መቀመጫው ይዳሰስ

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ከቡሬ፣ ከሞጣና ከደጀን እዚህ ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከመቀመጫ ተነስቶ በጭን ጀርባ እስከ ባት የሚወርድ ሕመም ሲነገረን አፋችን ላይ የሚቀድመው «ዲስክ ነው፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ነው» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜም ልክ እንሆናለን። አሜሪካውያኑ ቀዶ ሐኪሞች ሚክስተርና ባር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 የተንሸራተተ ዲስክ የነርቭን ሥር እንደሚጫን ካሳወቁ ወዲህ ዓይናችን ወገብ ላይ ቀርቷል። ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው የሳያቲክ ነርቭ መንገድ ግን ረጅም ነው። ከዳሌ ሲወጣ ፒሪፎርሚስ ከሚባለው የመቀመጫ ጡንቻ ሥር ያልፋል፤ በአንዳንድ ሰው ላይም ከፊሉ ጡንቻውን ሰንጥቆ ይወጣል። እዚያ ከተጨመቀ ሕመሙ የዲስክ መስሎ ይወርዳል።

ገበሬው በሬውን ሸጦ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ኤምአርአይ ይነሳል፤ ፊልሙ ላይ ወደ ውጭ የተገፋ ዲስክ ይታያል፤ ነገሩ እዚያው ይዘጋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 በወጣ ጥናት የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው፣ 52 በመቶው ቢያንስ አንድ የተገፋ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ፊልሙ ዲስኩን ያሳያል እንጂ ሕመሙ ከእርሱ ስለመምጣቱ አይመሰክርም።

ቀኑን ሙሉ ባጃጅ የሚነዳ፣ ወፍራም የኪስ ቦርሳውን ከኋላ ኪሱ የማያወጣ ወጣት ሲመጣ፣ ሲቀመጥ ይብስበት እንደሆነ እንጠይቀው። በደህናው ጎኑ እናስተኛው፤ የታመመውን እግር ከዳሌና ከጉልበት አጥፈን፣ በሌላው እግር ላይ አሻግረን፣ ጉልበቱን ወደ አልጋው እንጫን። ያው ሕመም ከመቀመጫው መካከል ከተነሳ ጥርጣሬያችን ወደ ጡንቻው ይዙር። ይህ ምርመራ ግን ብቻውን አይፈርድም። የዳሌ መገጣጠሚያም ይታይ፤ በሴቶች ላይ ሕመሙ ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ ከሆነ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ማደጉ፣ ይታሰብ።

ከእጃችን የሚመጣም አለ፤ መርፌ። መቀመጫ ላይ ያለ ቦታው የገባ መርፌ ነርቩን ይጎዳል። እናት ልጇን አዝላ መጥታ «ከተወጋ ወዲህ እግሩን ይጎትታል» ስትለን ቃሏን በካርዱ ላይ እንጻፈው። ችግሩን ከወገቡ በመፈለግ ልጁን አናዘግየው።

ሽንቱ የተያዘበት ወይም የሚያመልጠው፣ በብልቱና በፊንጢጣው ዙሪያ የደነዘዘ ሰው ግን ነገሩ ከወገብ ሊሆን ይችላልና ያለ ቀጠሮ፣ በዚያው ሰዓት ይላክ።

በምትጽፉት የሪፈራል ወረቀት ላይ «መቀመጫውና ዳሌው ተመርምሯል» የሚል መስመር ከነውጤቱ ጨምሩልኝ። ከሻይ በኋላ በጎን ባለው ክፍል አልጋዎች ተዘጋጅተዋል፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ምርመራውን እርስ በርስ ትለማመዳላችሁ። አመሰግናለሁ።