ሴሉ ሞቷል የምንለው መቼ ነው?

የተከበራችሁ የጨረር ሕክምና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ውድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፤

የዕጢ ሴሎች በጨረር ሲመቱ ወዲያው አይወድቁም። ብዙዎቹ በማግስቱም ስኳር ያቃጥላሉ፣ ፕሮቲን ይሠራሉ፤ አንድ ሁለት ጊዜ የሚከፈሉም አሉ። የሚሞቱት ኋላ ነው፤ የተሰበረው ዲኤንኤ ሲከፈሉ ያሰናክላቸዋል። ስለዚህ ጨረር በተሰጠ በ24 ወይም በ48 ሰዓት በኤምቲቲ ቀለም ለክቶ «ይህ ዕጢ ጨረር ይቋቋማል» ማለት ከባድ ስሕተት ነው። ኤምቲቲ የሚያሳየው የሴሉን እስትንፋስ እንጂ የመራባት አቅሙን አይደለም። ካንሰሩን በታማሚው ላይ የምትመልሰው ግን ያለገደብ መከፈል የቻለች ሴል ናት።

ለዚህ ጥያቄ የሚመጥነው የኮሎኒ፣ ማለትም ከአንዲት ሴል ተራብቶ የሚበቅል የሴሎች ስብስብ፣ ምርመራ ነው። ቴዎዶር ፓክና ፊሊፕ ማርከስ በ1956 እ.ኤ.አ. ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ውስጥ የሄላ ሴሎችን (በቤተ ሙከራ የሚራቡ የሰው ካንሰር ሴሎች) ለኤክስሬይ አጋልጠው ምን ያህሉ እንደሚተርፉ በኩርባ አሳዩ። መለኪያው ዛሬም ያው ነው፦ ቢያንስ 50 ሴሎች ያሉትን ኮሎኒ ያፈራች ሴል ተርፋለች። ይህም ከአምስት እስከ ስድስት ዙር ክፍፍል ማለት ነው።

አብዛኛው ስሕተት የሚገባው በመዝራቱ ላይ ነው። ሴሎቹን በትሪፕሲን (የተጣበቁ ሴሎችን በሚያላቅቅ ኢንዛይም) ካስለቀቃችሁ በኋላ አንድ በአንድ መለያየታቸውን በማይክሮስኮፕ ሳታዩ አትቁጠሩ። ሁለት ሆነው የተጣበቁ ከበዙ አንዷ ብትሞት ሌላዋ ኮሎኒ ትሠራለች፤ ኩርባው ላይ የሌለ መቋቋም ይታያል። ጨረር ላላገኘው ዲሽ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ሳህን) 200፣ ለ2 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) 400፣ ለ4 ግሬይ 1,000፣ ለ6 ግሬይ 4,000 ሴል መዝራት ጥሩ መነሻ ነው፤ ለእያንዳንዱ መጠን ሦስት ዲሽ። ጨረር የማያገኙት ማነጻጸሪያ ዲሾችም ወደ ጨረር ማሽኑ ሄደው ይመለሱ፤ ቅዝቃዜውና መናወጡ ብቻውን ሴል ይጎዳልና።

ስለ ማሽኑ አንድ ነገር ላስምርበት። የ6 ሜጋቮልት ጨረር ሙሉ መጠኑ ላይ የሚደርሰው 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ነው። ዲሹን ምንም ሳትደርቡበት ብታስቀምጡት፣ ከግርጌው የተጣበቁት ሴሎች ያገኙት መጠን መዝገባችሁ ላይ ከጻፋችሁት ያንሳል። እንደ ውኃ የሚቆጠር ፕላስቲክ ከሥርም ከላይም ደርቡበት። ምንጩ ኮባልት 60 ከሆነ ደግሞ በየወሩ 1 በመቶ ያህል ይደክማል፤ ባለፈው ዓመት የተሰላ የማብሪያ ሰዓት ዘንድሮ አይሠራም።

ከዚያ በ37 ዲግሪ፣ በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። በየቀኑ እያወጡ ማየት ጉዳት አለው፤ ዲሹ ሲናወጥ ከኮሎኒው የተላቀቁ ሴሎች ሌላ ቦታ ተጣብቀው ቁጥሩን ያበዛሉ። ማቅለሚያው 6 በመቶ ግሉታራልዴይድና 0.5 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት ነው፤ ግሉታራልዴይድ መርዛማ ስለሆነ ጭስ መምጠጫው ሥር ሥሩ። ስታጥቡ ቧንቧውን በቀጥታ አትልቀቁበት፤ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ንከሩት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጨረር ባላገኘው ዲሽ ከ200 ሴል 140 ኮሎኒ ከበቀለ የመብቀል መጠኑ 70 በመቶ ነው። 6 ግሬይ ባገኘው ዲሽ ከ4,000 ሴል 56 ቢበቅል፣ 56ን ለ2,800 (የ4,000 70 በመቶ) እናካፍላለን፤ የተረፈው 2 በመቶ ነው። 56ን በቀጥታ ለ4,000 ማካፈል ሳይጎዱም የማይበቅሉትን በጨረሩ ላይ ማላከክ ነው።

ይህ ሁሉ በትክክል ቢሠራም ዲሹ ዕጢ አይደለም። ቶምሊንሰንና ግሬይ በ1955 እ.ኤ.አ. የሳንባ ካንሰር ቁራጮችን መርምረው፣ ኦክስጅን ከደም ሥር ርቆ የሚሄደው 150 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ እንደሆነ አመለከቱ። ኦክስጅን ፈጽሞ ያጣ ሴልን እኩል ለመጉዳት ደግሞ እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጨረር ያስፈልጋል። ኦክስጅን በሞላበት ዲሽ ላይ ብቻ የተፈተነ ሕክምና ከባዱን ፈተና ገና አልተፈተነም ማለት ነው። ስለዚህ ሙከራውን ኦክስጅን በሌለበት ድገሙት፤ 95 በመቶ ናይትሮጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚነፍስበት ዝግ ሣጥን ውስጥ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ፕላስቲኩ ራሱ ነው፦ ዲሹ የተሠራበት ፖሊስታይሪን ያመቀውን ኦክስጅን ለሰዓታት ቀስ እያለ ወደ ሴሎቹ ይለቃል። አየሩ ኦክስጅን አልባ ሆኖ ሳለ ሴሎቹ ኦክስጅን ያገኛሉ። የመስታወት ዲሽ ተጠቀሙ፤ ከሌለ ፕላስቲኩን ቀድማችሁ ሣጥኑ ውስጥ አሳድሩት።

አመሰግናለሁ።