ሁለት ጊዜ የወረደ ሞተር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ክፍል ስለ አንድ አሮጌ ሞተር ነው።

ባለፈው የበረዶ ወራት፣ በምኖርበት በኮሎራዶ፣ ያማሃ ብላስተር የተባለውን ባለ አራት ጎማ ሞተር ከአንድ ግለሰብ ላይ ገዛሁ። ገዛሁ ልበል እንጂ የተረከብኩት ሻሲውን ለብቻ፣ ሞተሩን ደግሞ ተፈትቶ በሁለት ካርቶን ውስጥ ነው። ብላስተር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1988 እስከ 2006 የተመረተ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 195 ሲሲ የሆነ ባለ አንድ ሲሊንደር ቱ ስትሮክ (ፒስቶኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ ሙሉ ዙሩን የሚጨርስ ሞተር) ነው።

ልጅነቴን ያሳለፍኩት በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ስለሆነ ዕቃ መለየት የተማርኩት በናሙና ነው። የተበላውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልለህ ባለሱቁ ፊት ታስቀምጣለህ፤ እርሱ ገልበጥ አድርጎ ያየውና እኩያውን ከመደርደሪያ ያወርዳል። ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን)፣ ፋሻ (ፒስቶኑን የሚከብበው ቀለበት)፣ ቢየላ (ፒስቶኑን የሚይዘው ክንድ)፣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) የሚሉት ከጣሊያን የወረስናቸው ስሞች እዚያ ያግባባሉ፤ እዚህ ግን መለዋወጫ ሻጩ የሚጠይቀኝ ቁጥር ነው። የያማሃ ቁጥር ደግሞ ሥርዓት አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች ዕቃው በመጀመሪያ የተሠራለትን ሞዴል ሲያመለክቱ፣ ቀጥለው የሚመጡት አምስት አሃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፦ 11631 ፒስቶን (በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው) ነው፣ 11181 የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ 11351 ደግሞ ከሲሊንደሩ ሥር የሚገባው። ስለዚህ በብላስተር ውስጥ የሌላ ሞዴል ምልክት ያለበት ዕቃ ቢገኝ ወዲያው ሻጩን አጭበርባሪ ማለት አይገባም፤ ፋብሪካው ራሱ ከአንዱ ሞዴል ለሌላው ያዋውሳል።

ከካርቶኖቹ ሁለት ፒስቶኖች ወጡ። በአንደኛው ላይ ካሊብሮ (የውፍረት መለኪያ) ሳስጠጋ 64 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ጎደለው። የብላስተር ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 66 ነው፤ 64 የባንሺ፣ የባለ ሁለት ሲሊንደሩ ታላቅ ወንድሙ ልክ ነው። ሁለተኛው አናቱ ላይ 0.50 የሚል ተቀርጾበታል። ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት ቶርኖ ቤት ገብቶ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፍቷል ማለት ነው። የዚህ ፒስቶን ጎን በጭስ ማውጫው በኩል ተቧጭሮ፣ ጠርዙም እንደ ሻማ ቀልጦ ነበር።

እኔም ሲሊንደሩን ወደ 66.75 አስፍቼ አዲስ ፒስቶን ገዛሁ። በፋሻው ቦይ ውስጥ የስንዴ ቅንጣት እንኳ የማታክል ካስማ አለች፤ የፋሻው ሁለት ጫፎች የሚገጥሙት በእርሷ ላይ ነው። ቱ ስትሮክ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች ስላሉት፣ ፋሻው እየዞረ ጫፉ ከመስኮት ጋር እንዳይጠላለፍ የምትይዘው እርሷ ናት። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ገጠምኩ፤ አናቱ ላይ ያለው ቀስትም ወደ ጭስ ማውጫው እንዲያመለክት አደረግሁ። ሞተሩ ተነሣ፤ 40 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ድርቅ አለ። ስፈታው አዲሱ ፒስቶን በዚያው በጭስ ማውጫው በኩል፣ በዚያው መልክ ተቧጭሯል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። የተጎዳውን ዕቃ ለይቼ የጎዳውን አልፈለግኩም። ቱ ስትሮክ ከፒስቶኑ በታች ያለውን የኮሎ (የፒስቶኑን መመላለስ ወደ መዞር የሚቀይረው ዘንግ) ቤት እንደ ፓምፕ ስለሚጠቀምበት፣ ያ ቤት አየር የማያስገባ መሆን አለበት። በኮሎው ግራና ቀኝ አንዳንድ ፓራኦሊዮ (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚያግድ የጎማ ቀለበት) አለ። የቀኙ ሲበላሽ ሞተሩ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ይጠጣና በጭስ ብዛት ራሱን ያጋልጣል። የግራው፣ ከቮላኖው (ከኮሎው ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) በስተጀርባ ያለው፣ ሲደርቅ የሚገባው ንጹሕ አየር ብቻ ስለሆነ ምንም ምልክት አይታይም፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ያይላል፣ ፒስቶኑ ይቀልጣል። የኔ የግራው በጥፍር ሲነካ እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈር ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ሁለቱንም ፓራኦሊዮ ቀየርኩ፤ ሲሊንደሩንም ወደ 67 አሰፋሁ። ከዚያም የካርቡራቶሩንና የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ ደፍኜ፣ በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ እንደተለመደው 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አየር ሞልቼ፣ 6 ደቂቃ የመለኪያውን ቀስት ሳፈጥበት ተቀመጥኩ። አልወረደም።

የባንሺው ፒስቶን አሁንም መስኮቴ ላይ ተቀምጧል። ባንሺ ያለው አድማጭ ካለ ይጻፍልኝና ይውሰደው።