ስንት ልጅ ያሳድጋል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሕፃናት ዕቃና ስለ መክሰሳቸው ላወራችሁ ነው።

አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ዕቃ መሸጫ ስትገቡ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ በዝቷል። ቅጠል የተሳለበት ካርቶን፣ የቀርከሃ ሳህን፣ የቀርከሃ ጨርቅ። ቀለማቸው ለስለስ ያለ፣ ዓይን የሚስብ ነው። እኔም ውብ ነገር እወዳለሁ። የልጅ ዕቃ ማማር አለበት ብዬም አምናለሁ። ግን ከመግዛቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይሄ ዕቃ ስንት ልጅ ያሳድጋል? አንድ ልጅ ተጠቅሞበት የሚጣል ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ የፈለገው ቢጻፍ አያሳምነኝም።

ሳህኑን እንውሰድ። ብዙዎቹ ንጹህ ቀርከሃ አይደሉም። የቀርከሃ ዱቄት ሜላሚን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ጋር ተቀላቅሎ የተሠሩ ናቸው። ትኩስ ምግብ ሲቀርብባቸው ፎርማልዲሃይድና ሜላሚን የሚባሉ ኬሚካሎች ወደ ምግቡ ሊገቡ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 እ.ኤ.አ. እነዚህን ዕቃዎች ከገበያ ለማስወጣት የተንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። ጨርቁም ቢሆን አብዛኛው በኬሚካል ሟሙቶ ክር የሆነ ቪስኮስ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የችርቻሮ ድርጅቶች ቪስኮስን ቀርከሃ ነው ብለው በመሸጣቸው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ቅጣት ተጥሎባቸዋል።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከአፍሪካ ሰፊ የቀርከሃ ሀብት ካላቸው አገሮች አንዷ የእኛዋ ናት። መንገድ ዳር ቀርከሃ ሰንጥቀው ቅርጫትና ወንበር የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉን። አንድ ሰፋ ያለ ቅርጫት የመጫወቻ ማስቀመጫ ይሆናል፤ ልጁ ሲያድግ የልብስ ማስቀመጫ ይሆናል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው እንጂ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቀለም ግን አታስቀቡት። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ቀለም ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ለልጅ «ይህን ያህል እርሳስ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም።

ወደ ጨርቅ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የምወደው ነገር ነው።

ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የተሰቀለውን ከማየታችሁ በፊት ጨርቁን በጣታችሁ ያዙት። ማጉ በእጅ የተፈተለ ከሆነ ክሩ አንድ ወጥ አይደለም። እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል። አየር ያሳልፋል፣ ላብ ይመጥጣል፣ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። አዲስ ጋቢ ለአራስ ልጅ ይከብዳል። ያረጀ ጋቢ ግን ሌላ ነው። የእናቴ አሮጌ ጋቢ ተቀዶ፣ ጠርዙ ተዘምዝሞ የእህቴ ልጆች ማቀፊያ ሆኗል። ከመጀመሪያው ልጅ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት ልጅ አልፏል። በገንዘብ ተገዝቶ እንዲህ የሚለሰልስ የሕፃን ብርድ ልብስ እስካሁን አላየሁም።

አዲስ የምታሠሩ ከሆነ ለሸማኔው ለሕፃን መሆኑን ንገሩት። ጥለቱን ከአንገትና ከብብት ያርቀው። ወርቀ ዘቦ የሚያምረው ለፎቶ ነው፤ የሕፃን አንገት ግን ይቧጥጣል። በጥጥ ክር የተሠራ ቀጭን ጥለት ከታች ጠርዙ ላይ ይበቃል። ቀሚሱን ሰፋ አድርጋችሁ፣ ከታች ወፈር ያለ እጥፋት አስተርፉለት፤ ልጅቷ ስታድግ እጥፋቱ ይለቀቃል። ዋጋ ስትከራከሩም እባካችሁ ከጨርቁ በስተጀርባ ያሉትን አስቡ። ጥጡን የፈለቀቀችው፣ በእንዝርት የፈተለችው፣ ድሩን ያደወረው፣ የሸመነው፣ ሁሉም ከዚያች ዋጋ ነው የሚካፈሉት።

ስለ አንቀልባ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ከለፋ ቆዳ ተሠርቶ፣ በዛጎል ያጌጠ አንቀልባ ከማንኛውም የውጭ ማዘያ በውበት አያንስም። ከእናት ለልጅ የሚተላለፍም ነው። ልጁ ሲታዘል ጉልበቱ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እግሮቹ የአዛዩን ጀርባ አቅፈው ይሁን። ይህ ለዳሌው ጤና ጥሩ ነው። አሮጌ አንቀልባ ከሆነ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ ጎትታችሁ ፈትሹ። የላላ ካለ ይሰፋ፣ ካልሆነም ይነሳ።

አሁን ከባዱ ጉዳይ፦ ዳይፐር። የጨርቁ ይሻላል ማለት ቀላል ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣላት እናት ግን ቀላል አይደለም። ያንን ሁሉ የምታጥበውም ብዙ ጊዜ እናትየዋ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። በሌላ በኩል የምንጥለው ዳይፐር አይጠፋም፤ የሆነ ቦታ ይከመራል። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ያንን ቀን ሳስብ ጉዳዩ «የአካባቢ ጥበቃ» ከሚለው ስም በላይ ይሆንብኛል። እኔ የምመርጠው መንገድ መሃለኛው ነው። ቀን ቤት ውስጥ ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ላይ የሚጣለው። ጨርቁ ሲታጠብ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። አባትየውም ይጠብ፤ ይህን ረጋ ብዬ ግን አጥብቄ ነው የምናገረው።

መክሰስ ላይ ስንመጣ፣ እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልገን አብዛኛው ነገር ቤታችን አለ። በሶ ውሰዱ። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ የተዘጋጀ ነው። በትንሽ ውሃና በትንሽ ለጋ ቅቤ ታሽቶ፣ በልጅ አፍ ልክ ድቡልቡል ሲደረግ ጭብጦ ነው። በደንብ ካልራሰ ዱቄቱ ጉሮሮ ይይዛልና አለስልሱት። ጨው ከነጭራሹ ባይገባ ጥሩ ነው። ጣፋጭ ካስፈለገ የበሰለ ሙዝ አብራችሁ እሹ። ስኳር ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባይቀምስ ይመረጣል። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው በፍጹም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። አያቶች ለአራስ ልጅ ማር በጣት ማቅመስ ይወዳሉ። ፍቅራቸው ይገባኛል። በአክብሮት «እማዬ፣ ይሄ ይቅር» ማለት ግን የእኛ ድርሻ ነው።

በጣም የሚያስጨንቀኝ ልደት ላይ የማየው ነው። ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ለውዝ በሳህን መሬት አጠገብ ይቀመጣል፤ ገና መራመድ የጀመሩ ልጆች ደግሞ እያነሱ ይበላሉ። አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ እነዚህ ሁሉ ትንታ ናቸው። የአየር ቧንቧ ይዘጋሉ። የባህላችን ምግብ ስለሆነ ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል ማለት አይደለም። ለትልልቆቹ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥላቸው።

ለትንንሾቹ የተቆራረጠ ፓፓያና ማንጎ፣ ከዚያ ደግሞ ትንንሽ ድፎ ዳቦ። ድፎን በኮባ ጠቅልሎ መጋገር ከአያቶቻችን የመጣ ነው። በልጅ መዳፍ ልክ ሲሠራ እንዴት እንደሚያምር ሞክራችሁ እዩት። ለእንግዶች ልጆች የሚሰጠውም በዚያው በኮባው ተጠቅልሎ፣ በጥጥ ክር ታስሮ ይሄዳል። ፌስታል አያስፈልግም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏልና መልመዱ ለሁላችንም አይቀርም።

ኮባውን መጀመሪያ አጥባችሁ እሳት ላይ ለብለብ አድርጉት፤ ያለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የቅጠሉን ወፍራም የመሃል ጅማት በቢላ ላጡት። ሊጡ ኩፍ ስለሚል ስትጠቀልሉ አታጥብቁበት። የጋገራችሁ ሰዎች እንዴት እንደሆነላችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ዝግጅት አሰማዋለሁ። ቸር ሰንብቱ።