የጠላችንን ብቅል በምን እንፍጨው?

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ!

እዚህ አሜሪካ ስለ ጠላ ሲወራ ጌሾ ከየት ይገኛል፣ በምን ዕቃ ይጠመቃል እንባባላለን። ብቅሉ በምን ይፈጫል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ግን ጌሾው ከተዘፈዘፈ በኋላ ነው። ያኔ ብሌንደር ይወጣል። ብሌንደር ደግሞ ግማሹን አልሞ ግማሹን ድፍኑን ይተወዋል። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ መሽተት ይጀምራል። አገር ቤት ቢሆን ሰፈር ወፍጮ ቤት ልኮ መገላገል ነበር።

«ለመሆኑ ቤት ውስጥ መጥመቅ ይፈቀዳል ወይ?» ለምትሉኝ፣ በፌዴራል ሕግ ይፈቀዳል። ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 የፈረሙት ሕግ አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላሉበት 200 ጋሎን ፈቅዷል። መሸጥ ግን የለም። የየስቴታችሁንም ሕግ እዩ። 200 ጋሎን እኮ 750 ሊትር ገደማ ነው፤ ለገናም ለጥምቀትም ተርፎ ጎረቤት ያጠጣል።

ወደ ወፍጮው ልግባ። ለቤት ጠማቂ የሚሸጡት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ባለ ሮለር ነው፤ ሁለት ብረቶች ትይዩ እየተሽከረከሩ እህሉን በመሃላቸው ይጨፈልቁታል። ሌላው ባለ ዲስክ ነው፤ ሁለት ሻካራ ክብ ብረቶች ፊት ለፊት ሆነው ይፈጩታል። ቢራ ጠማቂዎች ሮለሩን ያደንቃሉ፣ ልክም ናቸው። ቢራው ሲጠለል የሚወርደው በራሱ በገብሱ ገለባ መሃል ነው። ገለባው ከደቀቀ ይዘጋባቸዋል።

እኛ ግን እንዲህ አይደለም የምንጠምቀው። የእኛ ብቅል ድፍድፉ ውስጥ ይቆያል፤ መጨረሻ ላይ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። ስለዚህ ገለባው ቢሰበር አንጎዳም። እንደ እንጀራ ዱቄት ከላመ ግን ቶሎ አይጠልልም፣ ጨርቁንም ይደፍነዋል።

ሌላም አለ። ሮለሮቹ ለገብስ ሲስተካከሉ በመሃላቸው ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የባንክ ካርድ ትንሽ ላላ ብሎ ያልፍበታል። በዚያ ክፍተት የዳጉሳ ብቅል ብትጨምሩ ብዙው በደንብ ሳይሰበር ሾልኮ ይወርዳል። በቆሎ ደግሞ ሮለሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይገባም። ዲስኩ ሁሉንም ያስተናግዳል፣ ዋጋውም ይቀላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለጠላ ዲስክ ግዙ። አዲስ ሲሆን የመጀመሪያውን ጭብጥ እህል ፈጭታችሁ ድፉት፤ የብረት ብናኝ ይኖረዋል።

አሁን እጄ ላይ ያለውን እዩልኝ። ይህኛው በደንብ የደረቀ ብቅል ነው፤ በጥርስ ስነክሰው ቀጭ ይላል። ይህኛው እርጥበት አለው፤ ይለመጣል እንጂ አይሰበርም። ይህ ዲስኩ ላይ ይለጠፋል። ያኔ ወፍጮው አይደለም ጥፋተኛው። ያልተቆላ ያልበቀለ ገብስም ከብቅል በጣም ይጠነክራል፤ ለአሻሮ የሚሆነውን ቆልታችሁ አቀዝቅዙና ከዚያ ፍጩ።

ኃይሉስ? ለአንድ ሁለት ኪሎ እጅ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ሰው ድሪል ይገጥምለታል። እዚህ ላይ ነው ዕቃ የሚቃጠለው። ወፍጮ የሚፈልገው ጉልበት ነው፤ ፍጥነት አይደለም። በደቂቃ ከ150 እስከ 300 ዙር ይበቃዋል። ትንሿ የቤት ድሪል በፍጥነት ዞራ ጉልበት ያጥራታል። ግማሽ ኢንች የሚይዘውን ትልቁን ድሪል ተጠቀሙ፣ ማርሹንም ዝቅተኛው ላይ አድርጉት። ድሪሉን መጀመሪያ አስነሱ፣ እህሉን ቀጥላችሁ ጨምሩ።

ለማኅበር፣ ለሠርግ የምትጠምቁ ሞተር ብትገጥሙ ይሻላል። በደቂቃ 1725 ዙር የሚዞር ግማሽ የፈረስ ጉልበት ሞተር አለ እንበል። ሞተሩ ላይ 2 ኢንች ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት)፣ ወፍጮው ላይ 12 ኢንች ፑሊ አድርጋችሁ በቺንጋ ብታገናኟቸው ፍጥነቱ በስድስት ተካፍሎ 287 ዙር ይሆናል። ጉልበቱ ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምራል። ቺንጋው ሌላም ጥቅም አለው፤ ጠጠር ቢገባ ይንሸራተታል፣ ወፍጮውን አይሰብረውም።

ቺንጋውን ሳትሸፍኑ ግን እንዳታስነሱት። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም እጅጌ ይዞ ይጎትታል። ከተቆለፈባችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዚያ እጃችሁን ስደዱ። የእህል ብናኝ እሳት ይይዛል፤ ጋዝ ማሞቂያ አጠገብ አትፍጩ።

አገር ቤት ልትልኩት ለምታስቡ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ 120 ቮልት ነው፣ እዚያ 220። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ እዚህ 60፣ እዚያ 50 የሆነውን ኸርዝ ግን (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይቀይረውም። ስለዚህ ይህ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 1440 አካባቢ ነው የሚዞረው፤ ከመጠን በላይም ይሞቃል። ወፍጮውን ላኩ፣ ሞተሩን እዚያው ይግዙ።

ሁለቱንም ወፍጮዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ብቅልም ዳጉሳም አለ። ኑ፣ ራሳችሁ ፍጩና ልዩነቱን እዩ። አመሰግናለሁ።