ውሃው በየት በኩል ነው የሚገባው? የዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤ እንደምን አረፈዳችሁ! እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የሒሳብ ሪፖርቱና የሥራ አስፈጻሚ ምርጫው ከምሳ በፊት ተራቸውን ጠብቀው ይቀርባሉ፤ እኔ አልገባባቸውም። እንደተለመደው ሰብሳቢው በመክፈቻው ላይ አንድ የሙያ ጉዳይ ያነሣል። የዘንድሮው ጉዳይ የደክ፣ ማለትም የጀልባው የላይኛው ወለል፣ መስኮት፣ ሁላችንም «ሃች» የምንለው ተከፋች ክዳን ነው። ሰዓቱም አሁን ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ብዙዎቹ ጀልባዎቻችን ገና በየብስ በድጋፍ ላይ ናቸው፤ ወደ ውሃ ከወረዱ በኋላ ሃች የሚፈታ ሰው የለም፣ ሁሉም ሸራውን ወደ መስቀል ነው የሚሮጠው።

«ሃቼ ያፈሳል» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው በኩል?» መሆን አለበት። ሃች አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ውሃ የሚከለክሉት ሦስት የተለያዩ መገጣጠሚያዎች ናቸው። አንደኛው ግልጹ ሰሌዳ ከላይኛው የአሉሚኒየም ፍሬም ጋር የተጣበቀበት ነው፤ ሰሌዳውን መስታወት እያልን ብንጠራውም አክሪሊክ የተባለ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው የታችኛው ፍሬም ደኩ ላይ የተቀመጠበት ነው። ሦስተኛው ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫነው ጎማ ነው። የሚያረጁበት ምክንያት ለየቅል ነው፤ የሚጠገኑበት ዕቃም እንደዚያው። እኛ ግን ጠብታ ባየን ቁጥር አንድ ቱቦ ሲሊኮን ገዝተን ፍሬሙን ዙሪያውን እንለቀልቀዋለን። ቁስል ሳያጥቡ በፋሻ መጠቅለል ማለት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው የውሃው መግቢያ ሳይሆን መውጫው ነው፤ መሃል ላይ የታሰረው ውሃ ወደ ደኩ ሆድ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሲሊኮን የነካው ቦታ በሚገባ ካልተፋቀ ሌላ ማሸጊያ አይዝለትም፣ ቀለምም አይቀበልም። በሚቀጥለው ዓመት በትክክል ልጠግን የሚል ሰው ሥራው እጥፍ ይሆንበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍተሻ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ውጭ በውሃ ቱቦ፣ ሌላው ውስጥ በባትሪና በደረቅ ሶፍት። የውስጡን ማስጌጫ ጠርዝ ፍቱት፤ አለበለዚያ ውሃው ከጣሪያው ልባስ ጀርባ ተጉዞ ግማሽ ሜትር ርቆ ይንጠባጠብና ያሳስታችኋል። ውሃው ግፊት አያስፈልገውም፣ ዝም ብሎ ይፍሰስ። ከታች ጀምሩ፦ ፍሬሙ ከደኩ ጋር የሚገናኝበትን ብቻ 5 ደቂቃ ያህል አጠጡ። ካልገባ ወደ አክሪሊኩ ጠርዝና ወደ እጀታዎቹ ሥር እለፉ። ጎማው የመጨረሻ ነው። ከላይ የጀመረ ሰው ውሃው ሲወርድ ሦስቱንም መገጣጠሚያ ያረጥብበታልና ምንም አይለይም።

ጎማውን ለብቻው ለመፈተን ጠመኔ በቂ ነው። ጎማው የሚያርፍበትን የታችኛውን ከንፈር ዙሪያውን በጠመኔ ቀቡት፣ ክዳኑን ቆልፉት፣ ክፈቱት። ጎማው ላይ ያልተቋረጠ ነጭ መስመር ካለ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መስመሩ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ጎማው አልደረሰም ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በብርድ ጠዋት በፍሬሙ ውስጠኛ ገጽ በአራቱም ጎን እኩል የተደረደረ ጠብታ ካያችሁና ሌሊቱን ካልዘነበ፣ ያ የትንፋሻችሁና የምድጃችሁ እንፋሎት ነው። አሉሚኒየሙ ቀዝቃዛ ስለሆነ እንፋሎቱ በላዩ ላይ ውሃ ይሆናል። መድኃኒቱ አየር ማስገባት ነው።

አሁን ወደ አክሪሊኩ እንሂድ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ሃችን የሚገድለው ከባሕሩ ይልቅ ፀሐይ ነው። በፀሐይ ብዛት፣ በላዩ ላይ በመረጋገጥና በተሳሳተ ኬሚካል በሰሌዳው ውስጥ ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ይፈጠራሉ፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እንደ ሸረሪት ድር ያበራሉ። አሴቶን፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ አሞኒያ ያለበት የቤት መስታወት ማጽጃ፣ ሦስቱም ይህን ያፋጥናሉ። ጽዳቱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ጨዋማውን ብናኝ በንጹሕ ውሃ በብዛት አፍስሳችሁ አውርዱ፣ ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ። በደረቁ ከተሸ ጨውና አሸዋ ይቧጥጡታል።

ላይ ላዩን ያለ ስንጥቅ መልክ ቢያበላሽም አያሰጋም። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ከእጀታው ቀዳዳና ከማዕዘኑ የሚነሣ ከሆነ ግን ሰሌዳው ይቀየር። በፖሊሽ ይድናል የሚላችሁን አትስሙ፤ ጥልቀቱ አይወጣም። ፖሊካርቦኔት የተባለው ፕላስቲክ ይሻላል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፦ ለምት እጅግ ጠንካራ ነው፣ ግን ቶሎ ይጫራል፤ መከላከያ ልባሱ ሲያልቅም በፀሐይ ቢጫ ይሆናል። ለተራ ጀልባ የእኔ ምርጫ በቅርጽ የፈሰሰው አክሪሊክ፣ ካስት የሚባለው ነው። ተገፍቶ የሚወጣው ርካሽ ዓይነት ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ስትገዙ ጠይቁ። ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፣ በብዛት 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ነው።

አሮጌውን ስታወጡ የእጀታውን ብሎኖችና ሮንዴላዎች በቅደም ተከተል ፎቶ አንሡ። ማሸጊያውን በካተር ከላይም ከታችም ቁረጡ፣ ከዚያ ከውስጥ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ፍሬሙን በካቻቢቴ ጫፍ አትፈልቅቁ፤ ከጠመመ ዳግመኛ አይገጥምም። አሮጌው ሰሌዳ ለአዲሱ መለኪያ ስለሆነ አይሰበር።

አዲሱ ሰሌዳ ፍሬሙን ሙሉ በሙሉ መሙላት የለበትም። አክሪሊክ በሙቀት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ በክረምት ብርድና በሐምሌ ፀሐይ መካከል 50 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኘው ከፍሬሙ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉለት፤ ክፍተቱን የሚሞላው ማሸጊያ እየተለጠጠ ይሸከመዋል። ከሥሩም ወፍራም ማሸጊያ እንዲቀር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ትንንሽ የጎማ ማረፊያዎች በየማዕዘኑ አስቀምጡ። በእጅ ጨፍልቆ ማሸጊያውን ሁሉ ወደ ውጭ ማስወጣት አዲስ የተሠራ ሃች በአንድ ክረምት እንዲላቀቅ የሚያደርግ ዋና ስሕተት ነው።

የእጀታውን ቀዳዳ ስትበሱ ለፕላስቲክ የተሠራ ፑንታ ተጠቀሙ፤ ከሥሩ እንጨት አድርጉ፣ ትራፓኑን በዝግታ ንዱት። ቀዳዳው ከብሎኑ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይስፋ። አናቱ ሾጣጣ የሆነ ብሎን እንደ ሽብልቅ ሰሌዳውን ስለሚሰነጥቅ ጠፍጣፋ አናት ያለውን ከሮንዴላ ጋር ያዙ። የእጀታው ዘንግ በሰሌዳው የሚያልፍበት ቀለበት ጎማም አብሮ ይቀየር፤ ዋጋው ኢምንት ነው፣ ሲያፈስ ግን ሁሉም የሚጠረጥረው ሌላውን ነው።

የማሸጊያ ምርጫ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። የሚያስፈልገው ለሕንፃ መስታወት የሚሠራው፣ ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ የሌለው ገለልተኛ ሲሊኮን ነው፤ ዶውሲል 795 በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ኮምጣጤ የሚሸተው አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ፖሊሰልፋይድ የተባለው ማሸጊያ አክሪሊክን ያጠቃል። ሲካፍሌክስ 295 ዩቪ የተባለውን ማሸጊያ የሚመርጡ አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን አምራቹ ያዘዘለትን ፕራይመር፣ ቀድሞ የሚቀባውን ፈሳሽ፣ መዝለል አይቻልም። ለ50 በ50 ሃች፣ ብክነቱን ጨምሮ፣ ከ300 ሚሊ ሊትር ቱቦ ግማሹ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ይሄዳል። ፍሬሙ ላይ የአሮጌው ሲሊኮን ፊልም ፈጽሞ እስኪጠፋ ፋቁ። የሰሌዳውን መከላከያ ወረቀት ከጠርዙ ላይ ብቻ ላጡ፣ የሚጣበቀውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት። ማሸጊያውን ሳታቋርጡ ዘርጉ፣ ሰሌዳውን አስቀምጡ፣ ክፍተቱን እስከ አፉ ሙሉት፣ አንድ ጊዜ አለስልሱና እጃችሁን አንሡ። ከዚያ ቢያንስ 7 ቀን አይከፈት፣ አይረገጥ።

ሁለተኛው መገጣጠሚያ፣ ፍሬሙና ደኩ፣ ሲያፈስ ትንሽ ውሃ ነው የሚያሳየው፤ ጉዳቱ ግን ከሁሉም ይከፋል። የብዙዎቻችን ደክ ሁለት የፋይበርግላስ ቆዳ ሆኖ መሃሉ ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት ነው። በብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ ባልሳውን ያበሰብሰዋል፤ የእኛ ክረምት ደግሞ ያን ውሃ በረዶ አድርጎ ቆዳዎቹን ይለያያቸዋል። በፕላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን ኳ ኳ አድርጉ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው፣ የታፈነ ድምፅ እርጥበት ወይም መላቀቅ ነው። ፍሬሙ ከተነሣ አይቀር፣ ተቆርጦ የተጋለጠውን ባልሳ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቦርቡሩት፣ በደንብ አድርቁት፣ በወፈረ ኢፖክሲ፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚደነድን ሙጫ፣ ሙሉት። ቀዳዳዎቹንም አስፍታችሁ በኢፖክሲ ደፍናችሁ እንደገና ብሱ። እንዲህ ከሆነ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢደክም እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም።

ከመግጠማችሁ በፊት ፍሬሙን ያለ ብሎን ደኩ ላይ አስቀምጡት። ቢነቃነቅ ወይም አንዱ ጎን ቢንጠለጠል ደኩ ጎበጥ ያለ ነው ማለት ነው። ብሎን አጥብቆ ማስገደድ ፍሬሙን ያጣምመዋል፣ ክዳኑ ከዚያ በኋላ በአንድ ማዕዘን አይደርስም፤ ባለቤቱም ጎማ እየቀያየረ ይኖራል። ጉብጠቱን በኢፖክሲ አስተካክሉ፣ ከዚያ የቡቲል ቴፕ፣ ለስላሳውን የሚጣበቅ የማሸጊያ ጥቅል፣ አንጥፉ። ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ፤ ቡቲል ቀስ ብሎ ነው የሚፈስ፣ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ተመለሱበት። የስቴንለስ ብሎን አሉሚኒየም የሚነካበት ቦታ ላይ ቴፍጄል የተባለው ዝገት ተከላካይ ቅባት ይቀባ፤ ማጠፊያው ላይ የምታዩት ነጭ ዱቄት የሁለቱ ብረቶች ጠብ ነው።

ስለ ጎማው አጭር ነው የምለው። አሮጌውንና ማጣበቂያውን ፋቁ፣ የሃቹን ሞዴል የሚመጥነውን ግዙ። ስታስገቡ አትለጥጡት፤ የተለጠጠ ጎማ ወደ ልኩ ይመለስና ጫፎቹ ይለያያሉ። 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አስረዝማችሁ ቆርጣችሁ ጨመቅ አድርጉት። መጋጠሚያው በቀጥተኛው ጎን መሃል ይሁን፣ ማዕዘን ላይ በፍጹም። ተራ ግራሶና ቫዝሊን ኢፒዲኤም የተባለውን ጎማ ያሳብጡታል፤ የሲሊኮን ቅባት ብቻ። ጀልባው በየብስ ላይ በመከለያ ሥር ሲከርም ደግሞ እጀታዎቹን አላልታችሁ ተዉት፤ ስድስት ወር የተጨፈለቀ ጎማ ጨፍላቃ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ወጪና ድካም በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ለዓመታት ይዘገያል። ለ50 በ50 ሃች፣ ፍሬሙ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ፣ 67 በ67 ሳንቲ ሜትር ሰንብሬላ የተባለው ፀሐይ የሚችል ጨርቅ ይበቃል፦ ለሁለቱ ጎን ከፍታ 8፣ ከሥር ለሚታጠፈውና ለላስቲክ መግቢያው 9። ማዕዘኖቹን ስፉ፣ 5 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ገመድ 160 ሳንቲ ሜትር አስገቡ። ክሩ ተራ ፖሊስተር ከሆነ ከጨርቁ ቀድሞ በፀሐይ ያልቃል፤ ቴናራ የተባለው ፀሐይ የሚችል ክር ውድ ነው፣ ያዋጣል። ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን። ቪኒል አትጠቀሙ፤ እርጥበት ያፍናል። ጀልባው ቆሞ እያለ ሽፋኑ የማይነሣበት ሃች ከጎረቤቱ ሃች ጋር አይነጻጸርም፤ የጀልባ ማቆሚያው ውስጥ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

ወደ ጀልባው ውስጥ የምንወርድበትን ዋና መግቢያ ተንሸራታች ክዳንና መግቢያውን የሚዘጉትን ሳንቃዎች ሳላነሣ ባልፍ ጥፋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1979 በፋስትኔት የሸራ ጀልባ ውድድር ማዕበል 15 ተወዳዳሪዎች ሲሞቱ፣ ከዚያ በኋላ የወጣው ምርመራ አጥብቆ ከተቻቸው ነገሮች አንዱ የዋናው መግቢያ ድክመት ነበር፤ ሳንቃዎቹ በማዕበል ወጥተው ይጠፉ ነበር። ዛሬ የዓለም አቀፉ የሸራ ጀልባ ስፖርት ማኅበር የወርልድ ሴሊንግ የባሕር ውድድር ደንብ ሳንቃዎቹ በገመድ እንዲታሰሩ ያዝዛል። ከጀልባው ሰፊ ወገብ ወደ ፊት ያለ ሃችም፣ ከ0.071 ካሬ ሜትር ያነሰ ትንሽ መስኮት ካልሆነ፣ ወደ ውስጥ እንዳይከፈት ይከለክላል። እኛ ውቅያኖስ አንወዳደርም፤ ግን የቼሳፒክ የበጋ ከሰዓት ነጎድጓድ ከደመና እስከ ነፋስ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ሳንቃ አንድ ሜትር ገመድና ሁለት ቋጠሮ ነው የሚያስፈልገው።

ከምሳ በኋላ በኋለኛው አዳራሽ ሦስት የሥራ ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል። አንዱ ላይ ሰሌዳ ማውጣትና ማጣበቅ፣ ሁለተኛው ላይ የባልሳ ቦርቡሮ መሙላት፣ ሦስተኛው ላይ የሽፋን ስፌት ይታያል። አሮጌ ፍሬም ይዛችሁ የመጣችሁ የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ። ሲሊኮኑን በጋራ እንግዛ የምትሉም የሃቻችሁን ስፋትና ብዛት ለገንዘብ ያዣችን ዛሬውኑ ስጡ፤ ቱቦው ላይ የማብቂያ ቀን አለውና ከሚያስፈልገን በላይ አናዝዝም።

የሒሳብ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡ ገንዘብ ያዣችንን እየጋበዝኩ፣ ጉባኤው መከፈቱን አስታውቃለሁ። አመሰግናለሁ።