የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ከሰሜን ደኖች አፈር እስከ ሱሉልታ ችግኝ

ከቡራዩ የደወሉ አድማጭ፦ «በስዊድንና በካናዳ ያሉ ደኖች ያለ ፈንገስ አይኖሩም ሲባል ሰማሁ። ፈንገስ እንጨት የሚያበሰብስ አይደለም እንዴ?»

መልስ፦ የሚያበሰብሱ አሉ፤ ከሕያው ዛፍ ሥር ጋር ተቆራኝተው የሚኖሩም አሉ። በሰሜኑ ቀዝቃዛ ደን የፓይን፣ የስፕሩስና የበርች ዛፎች የሚያራግፉት ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ዓመት ከዓመት አፈሩ ላይ ይከመራል፤ አብዛኛው ናይትሮጅንም በዚያው ክምር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ዛፉ በገዛ ሥሩ ብቻ በበቂ መጠን ሊያወጣው ስለማይችል፣ የሥሩን ጫፎች የሸፈኑት ከፀጉር የቀጠኑ የፈንገስ ክሮች ወደ ክምሩ ዘልቀው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያቀብሉታል፤ እሱም በቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ይሰጣቸዋል።

የሚሰጠው ስኳር ደግሞ ቀላል አይደለም። በሰሜን ስዊድን ተመራማሪዎች የፓይን ዛፎችን ቅርፊት ዙሪያውን ልጠው ስኳሩ ወደ ሥር እንዳይወርድ ባደረጉ ጊዜ፣ ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ በግማሽ ያህል መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል፤ ግማሽ ያህሉ ሥሩና ፈንገሶቹ ከዛፉ ስኳር የሚተነፍሱት ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናትም፣ በስዊድን ሐይቅ ደሴቶች ደኖች አፈር ውስጥ ከተከማቸው ካርቦን ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከሥርና ከሥር ጋር ከሚኖሩ ፈንገሶች የመጣ መሆኑን አሳይቷል። እኛ ደን ስንለካ ቀና ብለን ግንድና ቅርንጫፍ መቁጠር ስለሚቀናን፣ ይህ ቁጥር እስካሁን ይደንቀኛል።

ከእንጦጦ ግርጌ፦ «ክረምት ላይ ባሕር ዛፍ ሥር የሚበቅለው የጅብ ጥላ ዛፉን ይጎዳዋል? ይበላልስ?»

መልስ፦ ከመሬት የበቀለ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አይጎዳውም፤ ባሕር ዛፍም እንዲህ ያለ ቁርኝት አለው። ግንዱ ላይ ከበቀለ ግን ውስጡ መበስበሱን ሊያመለክት ይችላል። በሚገባ የማያውቁትን እንጉዳይ ፈጽሞ አይብሉ፤ መቀቀል መርዙን ሁሉ አያጠፋም።

ከሱሉልታ፣ ችግኝ የሚያፈሉ እናት፦ «ፓቱላና የሀበሻ ጽድ አፈላለሁ። ከረጢቱ ውስጥ የደን አፈር ብጨምር ይጠቅመኛል?»

መልስ፦ ለፓቱላ በእርግጥ ይጠቅማል። ፓቱላ የፓይን ዓይነት ነው፤ ፓይን ደግሞ በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅል ዛፍ አይደለም፤ የሚስማማው ፈንገስ በሌለበት አፈር ሲተከል ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ስለዚህ ከቆየና ጤነኛ ከሆነ ፓቱላ ሥር ጥቂት የላይኛውን አፈር ወስደው ይቀላቅሉ። የታመመ ዛፍ ካለበት ቦታ ግን አይውሰዱ፤ በሽታውም አብሮ ይመጣልና። የሀበሻ ጽድ የሚቆራኘው ከሌላ ዓይነት ፈንገስ ጋር በመሆኑ የፓቱላው አፈር አይረዳውም፤ ለእሱ ከራሱ ከጽድ ወይም ከወይራ ሥር የተወሰደ ይሻለዋል።

መያዙን ለማወቅ አንድ የፓቱላ ችግኝ ቀስ ብለው ነቅለው ሥሩን በውኃ ይጠቡ፤ አጫጭርና ወፈር ያሉ፣ ጫፋቸው እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ ቀጫጭን ሥሮች ካዩ ፈንገሱ ተቆራኝቷል ማለት ነው። በጽድ ሥር ላይ ያለው ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ዩሪያም አያብዙባቸው፤ ናይትሮጅን የተትረፈረፈለት ችግኝ ለፈንገሱ የሚሰጠውን ስኳር ይቀንሳል።